የረጋ አርማታ፣ ያልረጋ ድንጋይ፦ ከሳሊናስ ሸለቆ እስከ ገናሌ ወንዝ

ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውኃ ተቦክተው የሚረጉበት ነገር በኢትዮጵያ የግንባታ ሥራ አርማታ ወይም ኮንክሪት ይባላል፤ ከይዘቱም ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው አሸዋና ጠጠር ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ መሐንዲሶች ሲሚንቶውን እንደ ሕያው፣ ጠጠሩን ግን እንደ በድን ያዩ ስለነበር፣ ስለ ድንጋይ የሚጠይቁት ጥንካሬውን፣ ንጽሕናውንና መጠኑን ብቻ ነበር። ድንጋይ በሲሚንቶ ተከቦ ከዓመታት በኋላ ሊሟሟ፣ ሊያብጥና የያዘውን ግንብ ከውስጥ ሊሰነጥቅ ይችላል የሚለው ሐሳብ በዘመኑ የምህንድስና ትምህርት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ይህ እምነት እንዴት እንደ ተናጋ፣ ከዚያም ጉዳዩ በአፍሪካ ምድር አልፎ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለውን የነገሌ ቦረናንና ከዳዋ ማዶ ያለውን የአሬሮን አገር እንዴት እንደሚነካ ከዚህ በታች በጊዜ ቅደም ተከተል ይተረካል፤ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሲሚንቶው ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ በስሙ ያስመዘገበው ዱቄት፣ በኋላም በሌሎች እጅ እየተሻሻለ የመጣው፣ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው በከፍተኛ ሙቀት፣ በዛሬው አሠራር በ1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ተቃጥለው የሚገኝ ነው። ሸክላው ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ ከእሳት ድንጋይ ፍርስራሽ የወረሰውን ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ በኬሚስቶች ቋንቋ አልካሊ ይባላሉ፤ ከሲሚንቶው ክብደት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በመቶ የማይበልጥ ድርሻ ስላላቸው ለመቶ ዓመት ያህል ከቁም ነገር አልተቆጠሩም። ነገር ግን ሲሚንቶው ከውኃ ጋር ሲገናኝ በቀላሉ ይሟሙና በአርማታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀረውን ውኃ እጅግ የሚያቃጥል ያደርጉታል፤ የዚህ ውኃ የፒኤች ልክ፣ ማለትም የአንድ ፈሳሽ የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያ፣ ከ13 በላይ ይደርሳል። ሰባት ንጹሕ ውኃ ነው፤ ዐሥራ ሦስት ደግሞ ቆዳን የሚልጥ ነው።

ይህ ዱቄት በኢትዮጵያ ምድር መመረት የጀመረው በጦርነት ማግሥት ነው። የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር በጥር 1936፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ ከዶሎ ተነሥቶ በገናሌ ሸለቆ በመውጣት በአውሮፕላን የተደበደበችውን ነገሌን ያዘ፤ ወዲያው በተከተሉት ዓመታትም ጣሊያኖች በድሬዳዋ የአገሪቱን የመጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካ አቋቋሙ። የድሬዳዋ ሲሚንቶ በወጣበት በዚያው ዘመን መጨረሻ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ፣ አርማታ ራሱን በራሱ እንደሚበላ የሚያሳየው የመጀመሪያ ማስረጃ እየተሰበሰበ ነበር።

ቦታው የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ የሳሊናስ ሸለቆ ነው። በሞንቴሬይ አውራጃ ብራድሊ በምትባል መንደር አቅራቢያ የተነጠፈ የአርማታ መንገድ ከተሠራ ብዙ ሳይቆይ ተሰነጣጠቀ፤ በዚያው ሸለቆ ኪንግ ሲቲ አጠገብ ያለ ድልድይም እንዲሁ። ስንጥቁ ከጭነት እንደሚመጣው ስንጥቅ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ አልነበረም፤ መረብ ይመስል ነበር። የቦረና ሰው ሀሮ የሚለው የዝናብ ውኃ ኩሬ በበጋ ሲደርቅ ከታች የሚቀረው ጭቃ እንደሚፈነካከተው ዓይነት፣ በአንድ ነጥብ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚገናኝ ስንጥቅ ነው፤ ልዩነቱ ጭቃው የሚሰነጠቀው ስለሚኮማተር ሲሆን አርማታው የሚሰነጠቀው ውስጡ ስለሚያብጥ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት በሌላ ቦታ ሲታይ በረዶ፣ ፀሐይ ወይም የሠራተኛ ጥፋት ይከሰስ ነበር፤ የሳሊናስ ሸለቆ አየር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ በበረዶ ማሳበብ አልተቻለም።

ጉዳዩን የያዘው ቶማስ ስታንተን የተባለ የካሊፎርኒያ የመንገዶች መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበር። ስታንተን ያደረገው ነገር ቀላልና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ከሸለቆው አሸዋና ከተለያዩ ፋብሪካዎች ሲሚንቶ ትናንሽ የልስን ዘንጎችን ሠርቶ ከታች ውኃ ባለበት ክዳኑ የታሸገ ዕቃ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ከዚያም ርዝመታቸውን በየጊዜው ለካ። በአንዳንዱ ሲሚንቶ የተሠሩት ዘንጎች ባሉበት ሲቆዩ፣ በሌላው የተሠሩት ግን ቀስ በቀስ እየረዘሙ ተሰነጠቁ፤ አሸዋው ያው፣ ውኃው ያው ነበር። ሲሚንቶዎቹን የለያቸው የአልካሊ መጠናቸው ሆኖ ተገኘ። በዚያው አሸዋ ፈንታ ከሌላ ቦታ የመጣ አሸዋ ሲገባ ደግሞ አልካሊ የበዛበትም ሲሚንቶ ምንም አላደረገም። በታኅሣሥ 1940 ያሳተመው ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ አሰረ፤ ጥፋቱ የሲሚንቶው ብቻ ወይም የድንጋዩ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ መገናኘት ነው። ከሥራው የወጣው የ0.6 በመቶ ወሰን፣ ማለትም የሲሚንቶ የአልካሊ ድምር ከዚህ እንዳይበልጥ የሚለው ልክ፣ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች የጥራት ደረጃ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ድምር ፖታሲየሙ በ0.658 ተባዝቶ ከሶዲየሙ ጋር ይደመራል፤ ሁለቱ በክብደት እኩል ቢሆኑም በሥራቸው እኩል ስላልሆኑ ነው።

በአርማታው ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት ድንጋይ ከምን እንደ ተሠራ ማየት ያስፈልጋል። የምድር ቅርፊት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲሊካ የሲሊኮንና የኦክስጅን አተሞች የተያያዙበት መረብ ነው። በጤነኛ ኳርትዝ ውስጥ ይህ መረብ ያለ ክፍተት የተሠራ ነው፤ ቦረናዎች ወተት የሚይዙበት ከተክል ክር የተሠራው ጎርፋ ጠብታ የማያሳልፈው ክሩ እጅግ ተጠጋግቶ ስለ ተጠላለፈ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አልካሊ የበዛበት ውኃም ወደ ኳርትዙ ውስጥ የሚገባበት በር አያገኝም። በኦፓል፣ በካልሴዶኒ፣ እንዲሁም ከእሳተ ገሞራ በድንገት ቀዝቅዞ በወጣ መስታወት ውስጥ ግን መረቡ የላላና የተዘበራረቀ ስለ ሆነ ውኃው ገብቶ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ይቆርጣል። ሲሊካው ተፈትቶ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር ሲዋሐድ ጄል የሚባል፣ እንደ ተልባ ውኃ የሚዝለገለግ ነገር ይፈጠራል። በሳይንሱ አማርኛ አጸግብሮት የሚባለው ይህ የንጥረ ነገሮች መለዋወጥ እዚህ ቢያበቃ ጉዳት አልነበረውም። ጄሉ ግን ውኃ ይጠማዋል፤ ከአካባቢው እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ መሄጃ ሲያጣም ዙሪያውን ይገፋል፤ አርማታ ደግሞ ለመጨፍለቅ እንጂ ለመለጠጥ ብርቱ ስላልሆነ ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ የሚወጣው ጄል መጀመሪያ የጠራ ነጠብጣብ ነው፤ አየር ሲመታው ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይደርቃል።

ስታንተን የጊዜውን መሐንዲሶች ሁሉ ግራ ያጋባ አንድ ነገርም አስተዋለ። ክፉው ድንጋይ በበዛ ቁጥር ጉዳቱ አይበዛም፤ እንደ ኦፓል ያለ ፈጣን ሲሊካ ከአሸዋው ውስጥ ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን ማበጡ ከሁሉ ይከፋል፤ በጣም ሲበዛ ግን አልካሊው በሁሉም ላይ ተከፋፍሎ ስለሚያልቅ አደጋው ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ መቶ ጥሩ ጠጠሮች መካከል የተገኙ ሦስት ወይም አራት መጥፎዎች ጭነቱ ሙሉ በሙሉ መጥፎ ከሆነው ካባ ይልቅ ሊጎዱ ይችላሉ። በዓይን አይቶ ድንጋይ መምረጥ ለለመደ ግንበኛ ይህ ለመቀበል የሚከብድ እውነት ነው፤ ጉዳዩን በላቦራቶሪ እንጂ በልምድ ብቻ የማይያዝ ያደረገውም ይኸው ነው።

ከስታንተን ጽሑፍ በኋላ ነገሩ በሌሎች ቦታዎችም መታየት ጀመረ። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ በ1938 ያለቀው የፓርከር ግድብ በተመሳሳይ በሽታ እንደ ተያዘ ታወቀ። ፈውሱም ከዚያው ዘመን ይጀምራል፤ በ1942 በካሊፎርኒያ የተጠናቀቀው የፍራያንት ግድብ ሲቦካ ከሲሚንቶው ጋር የፑሚስ ዱቄት ተጨመረበት። ፑሚስ ጋዝ ነፍቶት በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ መስታወት የተሠራ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለውን ዱቄት ሮማውያን በኔፕልስ አጠገብ ካለችው ከፖትሱኦሊ ከተማ ያወጡት ስለነበር ፖዞላና የሚለው ስም ወጣለት። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው፤ በጠጠር መልክ ሲገባ ግንብ የሚያፈርሰው ያው የላላ ሲሊካ፣ ደቅቆ በዱቄት መልክ ከሲሚንቶው ጋር ሲገባ ገና አርማታው ለጋ ሳለ አልካሊውን ቀድሞ ይይዘዋል፤ በኋላ ጠጠሩን የሚያጠቃ ብዙ አይቀርም። በሽታውና መድኃኒቱ ከአንድ እሳት የወጡ መሆናቸው የኢትዮጵያን ስምጥ ሸለቆ ለሚያውቅ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው።

የቀጣዮቹ 30 ዓመታት ታሪክ ባጭሩ ሊታለፍ ይችላል። በ1950ዎቹ ዴንማርክ ውስጥ ባልጩት መሰል ድንጋይ ባለባቸው ጠጠሮች ላይ በጉናር ኢዶርን ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ሰፊ ጥናት አደረጉ፤ በ1957 ካናዳዊው ስዌንሰን በኦንታሪዮ ኪንግስተን ከሲሊካ ጋር ሳይሆን ከአንዳንድ የኖራ ድንጋዮች ጋር የሚያያዝ ሌላ ዓይነት ማበጥ አገኘ። በ1974 ደግሞ በዴንማርኳ ኬይ ከተማ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ።

በዚያው ዘመን አፍሪካ ታላላቅ ግድቦቿን እየገነባች ነበር። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ፣ በዛሬዎቹ ዛምቢያና ዚምባብዌ ድንበር፣ 128 ሜትር ከፍታ ያለው የካሪባ ቅስት ግድብ በ1955 ተጀምሮ በ1959 ተጠናቀቀ። የተተከለበት አለት ናይስና ኳርትዛይት ነው፤ ናይስ ማለት ጥንታዊ ድንጋይ በምድር ጥልቀት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተጠምዝዞ የተለወጠበት፣ ነጭና ጥቁር ዝርጋታ ያለው አለት ነው። ናይስ በእጅ ሲያዝ ከባድ፣ በመዶሻ ሲመታ የሚጮኽ፣ ለግንባታ ከዚህ የተሻለ አይገኝም የሚባል ድንጋይ ነው። ናይስ በጠጠርነት የገባበት የካሪባ አርማታ ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ አበጠ፤ የግድቡ አናት ከፍ አለ፤ የጎርፍ ማስተንፈሻ በሮቹ የሚንሸራተቱበት ክፍተት እየጠበበ መጣ። በ2010ዎቹ አጋማሽ የአውሮፓ ኅብረት፣ የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክና ስዊድን በተሳተፉበት 294 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት የጥገና ፕሮግራም ሲቀረጽ፣ ከግድቡ በታች ያለውን በውኃ የተቦረቦረ ጉድጓድ ከማስተካከል ጋር በአርማታው ማበጥ የተዛቡትን በሮች ማደስ አንዱ ዋና ሥራ ሆነ።

በደቡብ አፍሪካም በ1970ዎቹ በኬፕ ታውን አካባቢ ያሉ ድልድዮችና ሕንፃዎች በመረብ ስንጥቅ መያዛቸው ታወቀ፤ ጠጠሩ የማልምስበሪ ስብስብ ከሚባለው የጥንት ደለል ድንጋይ የወጣ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የበለጠ የሚቀርበው ግን የኬንያው ነው። በጣና ወንዝ ላይ በ1974 የተጠናቀቀው የካምቡሩ ግድብ የጎርፍ ማስተንፈሻ በዚሁ አጸግብሮት ተጎድቶ ተገኘ፤ ጉዳዩ በእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት በዝርዝር የታተመው በ1988፣ ግድቡ በተጠናቀቀ በ14 ዓመቱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለኢትዮጵያ መስታወት የሚሆነው ግን በሰሜን ዋልታ ክበብ አጠገብ ያለችው አይስላንድ ናት። አይስላንድ እንደ ኢትዮጵያ ምድር በሚሰነጠቅበት መስመር ላይ የተቀመጠች፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሞላባት አገር ናት። በ1958 በአክራኔስ ከተማ የተከፈተው ብቸኛ የሲሚንቶ ፋብሪካዋ ኖራውን ከባሕር ዛጎል አሸዋ፣ ሲሊካውን ደግሞ ራዮላይት ከሚባለው ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያገኝ ስለነበር፣ ሲሚንቶው በዓለም ካሉት ሁሉ አልካሊ ከሚበዛባቸው አንዱ ነበር። ግድቦችን የሚሠሩት መሐንዲሶች አደጋውን ያውቁ ስለነበር በየግድቡ ፖዞላና ጨመሩ፤ ለተራው የመኖሪያ ቤት ግን ማንም አላሰበም፤ ቤት ደረቅ ነው፣ ትንሽም ነው ተብሎ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሬይክያቪክ የብዙ ቤቶች ውጫዊ ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ተገኘ፤ ነፋስ እየገፋ የሚያመጣው ዝናብ ግድግዳው እንዳይደርቅ ያደርገው ነበር፤ ከባሕር የሚወጣና በደንብ ያልታጠበ አሸዋም ጨውን ጨመረ። አገሪቱ የወሰደችው እርምጃ ፈጣን ነበር። ከ1979 ጀምሮ ከሲሊኮንና ብረት ቅይጥ ማቅለጫ ጭስ የሚሰበሰብ ሲሊካ ፊዩም የተባለ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ከሲሚንቶው ጋር በፋብሪካው ውስጥ እንዲቀላቀል ተደረገ፤ የባሕር አሸዋም እንዲታጠብ ተወሰነ። ጥበቃው በግንበኛው እጅ ሳይሆን በከረጢቱ ውስጥ ገባ።

ይህን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ተገቢ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ጀመረ፤ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1984፣ የደርባ በ2012 ተከተሉ፤ በመካከሉ የመሰቦ ፋብሪካ በመቀሌ ተቋቋመ። እነዚህ ፋብሪካዎች የሚመግቡት አርማታ በአብዛኛው በደጋው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም በባዛልት፣ ወይም በስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ነው። ስምጥ ሸለቆው ባልጩት የሚገኝበት አገር ነው፤ የጥንት ሰው ቆዳ የሚፍቅበትን ስለት የሠራበት፣ ዛሬም በአንዳንድ ቦታ ቆዳ ፋቂዎች የሚጠቀሙበት ይህ ጥቁር መስታወት ከላላው ሲሊካ ወገን ነው። በሸለቆው ወለልና ጠርዝ የተዘረጋው ራዮላይትና ኢግኒምብራይት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ እንደ ትኩስ ደመና ወርዶ የተጋገረው አመድ፣ ብዙ መስታወት አለበት። ከዚያ የሚወርድ ወንዝም አሸዋውን ከእነዚህ ሁሉ ፍርስራሽ ይሸከማል።

ኢትዮጵያ ግን ራሷ ያላወቀችውና ያላሰበችው መከላከያ አላት። በገበያ ፒፒሲ ተብሎ የሚታወቀው፣ ከንጹሑ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ከኦፒሲ የሚለየው ከረጢት፣ ክሊንከር ከሚባለው የተቃጠለ ጥሬ ጋር የተፈጨ ፑሚስ የያዘ ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን የመረጡት በዋናነት ነዳጅና ክሊንከር ለመቆጠብ ነው፤ ውጤቱ ግን ከፍራያንት ግድብ ጋር አንድ ነው። ግንበኛው ፒፒሲ ቶሎ አይጠነክርም ብሎ ሲያማርር፣ አሠሪውም ለሶሌታና ለኮለን ኦፒሲ ካልሆነ ሲል ይሰማል፤ ለፎቁ ጥድፊያ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እርጥበት ለማይለየው ሥራ ግን፣ ለድልድይ እግር፣ ለውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለግድብ፣ የዘገየው ሲሚንቶ የተሻለው ነው።

ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቅ ወደ ነገሌ ሲወረድ ድንጋዩ ይለወጣል። ከአዶላ እስከ ነገሌ ያለው ምድር የእሳተ ገሞራ ልጅ አይደለም፤ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ግራናይት፣ ናይስና ሺስት ነው። የአዶላ ወርቅና የቀንጢቻ ታንታለም የሚወጡት ከዚህ አለት ነው። የጂኦሎጂ ሊቃውንት ይህን ምድር ከኬንያ አልፎ እስከ ሞዛምቢክ ከሚዘልቀው የሞዛምቢክ ቀበቶ ሰሜናዊ ጫፍ ጋር ያያይዙታል። በደቡብ ምዕራብ፣ በሜጋና በዲሎ አቅጣጫ፣ እንደገና የቅርብ ጊዜ እሳተ ገሞራ ይመጣል፤ ከዱብሉቅ በስተደቡብ ያለው ኤል ሶድ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ወደ ታች የሚወርዱ ሰዎች ከጥቁሩ ሐይቅ ጨው የሚያወጡበት።

ናይስ ምን እንደሚያደርግ ካሪባ አሳይቷል። ምክንያቱም በአጉሊ መነጽር ይታያል። ድንጋዩ የሚሊሜትር ሦስት መቶኛ ያህል እስኪሳሳ ድረስ ተፍቆ በተሻጋሪ የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ሲዞር፣ ያልተጎዳ የኳርትዝ ቅንጣት ሙሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጨልማል፤ በጥንት ጊዜ በምድር ግፊት የተጠመዘዘ ኳርትዝ ግን ጨለማው ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ እንደ ማዕበል እየተንሸራተተ ያልፍበታል። ያ ማዕበል መረቡ እንደ ተወላገደ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ በተለይ በቅንጣቶቹ ጠርዝ የተፈጠሩት እጅግ ደቃቅ ኳርትዞች ለአልካሊው በር ይሆናሉ። እንደ ኦፓል ግን አይፈጥኑም። ኦፓል በጥቂት ዓመት የሚያደርገውን ናይስና ግራናይት በዐሥራ አምስት፣ በሃያ ወይም በሠላሳ ዓመት ያደርጉታል፤ በዚህም የተነሣ ባለቤቱን ያዘናጋሉ።

የመመርመሪያው ታሪክም ይህን ይመሰክራል። የደቡብ አፍሪካዎቹ ኦበርሆልስተርና ዴቪስ በ1986 ያቀረቡትና በ1994 የአሜሪካ ደረጃ የሆነው ፈጣን ምርመራ፣ የተፈጨውን ድንጋይ በልስን ዘንግ ሠርቶ በ80 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ባለ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውኃ ለ14 ቀን ይዘፈዝፈዋል። ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊሜትር የሚለካው ዘንግ ከሩብ ሚሊሜትር በታች ከረዘመ ድንጋዩ ደኅና ነው፣ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከረዘመ ጎጂ ነው ይባላል። ሩብ ሚሊሜትር በጣት ጥፍር ውፍረት ውስጥ የሚጠፋ መጠን ነው። ችግሩ የተወላገደ ኳርትዝ ያለባቸው አንዳንድ ግራናይቶችና ናይሶች በዚህ ምርመራ አልፈው በሥራ ላይ ማበጣቸው ነው። ለእነዚህ የሚሻለው በ38 ዲግሪ እርጥብ ቦታ የሚቀመጠው የአርማታ ዘንግ ነው፤ ፍርዱ ግን አንድ ዓመት፣ ፖዞላና ሲገባበት ደግሞ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ከነገሌ በስተደቡብ ለአንድ ትንሽ ድልድይ ጨረታ የወጣበት ሥራ ሁለት ዓመት አይጠብቅም፤ ስለዚህ ምርመራው ለአንድ ድልድይ ሳይሆን ለአንድ ካባ፣ ከሥራው አስቀድሞ መደረግ አለበት።

የአሬሮና የነገሌ አየር በአንድ በኩል መልካም ጠባቂ ነው። ጄሉ ለማበጥ በአርማታው ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሆነ እርጥበት ይፈልጋል፤ ገናና ሀገያ በሚባሉት ሁለት አጫጭር የዝናብ ወራት መካከል አገሩ ደረቅ ስለሆነ፣ ጣሪያ ያለው የትምህርት ቤት ግድግዳ ወይም የያቤሎ ሱቅ ብዙም አያሰጋም። ቆላው ግን አርማታን በብዛት የሚያውለው ውኃ ባለበት ቦታ ነው። በዱብሉቅና በጋዮ የቱላ ጉድጓዶች ወጣቶች ከጥልቀቱ እየዘመሩ በቅብብል ያወጡትን ውኃ ከብቶች የሚጠጡበት ናኒጋ የተባለው ገንዳ ቀድሞ በጭቃ ይለሰን ነበር፤ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ በብዙ ቦታ በሲሚንቶ ተሠርቷል። ውኃ ሲሞላ ይርሳል፣ ከብቱ ሲጠጣ ይደርቃል፣ ፀሐዩ ያግላል፤ እርጥበትና ድርቀት እየተፈራረቁ በሚመጡበት ቦታ ደግሞ አልካሊው ውኃው በሚተንበት ገጽ ላይ እየተከማቸ ይሄዳል። ሙቀቱም አጸግብሮቱን ያፈጥናል። የዳዋ ገባር ከሆኑት፣ ላጋ ከሚባሉት ደረቅ የወንዝ መውረጃዎች ታፍሶ የሚመጣው አሸዋ የዚያው ናይስና ግራናይት ፍርፋሪ ነው፤ በኤል ሶድ አካባቢ ደግሞ ጨዋማ ውኃ ለማቡኪያ ከገባ፣ ከሲሚንቶው ያልመጣ ሶዲየም በባልዲ ይጨመራል ማለት ነው። የገንዳ ጉዳት እንደ ግድብ ጉዳት ዜና አይሆንም፤ ሆኖም በድርቅ ዓመት ስንጥቅ ገንዳ የሚያፈስሰው ውኃ ብዙ ሰው ተሰልፎ፣ ብዙ ክንድ ደክሞበት የወጣ ውኃ ነው።

የዚህ አገር ትልቁ የአርማታ ሥራ በገናሌ ወንዝ ላይ የቆመው ገናሌ ዳዋ ሦስት ነው። በየካቲት 2020 የተመረቀው ይህ ግድብ 110 ሜትር ከፍታና 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አካሉ እንደ ካሪባ ሙሉ አርማታ አይደለም፤ የተከመረና የተጠቀጠቀ ድንጋይ ነው፤ ወደ ውኃው ያለው ፊት ብቻ በአርማታ ንጣፍ ተሸፍኗል። ይህ ዓይነት ግድብ ለማበጥ የተጋለጠ ትልቅ ብዛት ስለሌለው በዚህ ረገድ ብልህ ምርጫ ነው። ነገር ግን የንጣፉ ሳህኖች ቀጫጭን ናቸው፤ በመካከላቸው ውኃ የማያሳልፉ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው የውኃ ዋሻም፣ የጎርፍ ማስተንፈሻውም አርማታ አላቸው፤ ሁሉም ለዓመታት እርጥብ ሆነው ይቆያሉ። የካምቡሩም ጉዳት የታየው በማስተንፈሻው ላይ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሚደረገው ክትትል ብዙ ወጪ የለውም። በአርማታው ገጽ ላይ ጥንድ ጥንድ የናስ ነጥቦች ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየስድስት ወሩ በተመሳሳይ የሙቀት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ በማለዳ፣ ይለካል፤ በመዝገብም ይጻፋል። አሥር ዓመት የተጻፈ መዝገብ አንድ ጊዜ ከሚቆረጥ የአርማታ ናሙና የበለጠ ይናገራል። መዝገቡ ዋጋ የሚኖረው ግን ስንጥቅ ሳይታይ ከተጀመረ ነው፤ የካምቡሩ ዝርዝር ሲታተም ግድቡ 14 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ገናሌ ዳዋ ሦስት ያን ዕድሜ የሚደርሰው በ2034 ነው።